ስድስተኛው በር

መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ ተጠብቆ የኖረው በግዕዝ ብቻ ነው። ስለ ብርሃናት ጉዞ በሚተርክበት ክፍል በሰማይ ዳር፣ በምሥራቅ ስድስት በምዕራብም ስድስት በሮች እንዳሉ ይናገራል። ፀሐይ በዓመቱ ውስጥ ከአንዱ በር ወደ ሌላው እየተሸጋገረች ትወጣለች፤ በአንጻሩ ባለው የምዕራብ በርም ትገባለች። ስድስተኛው በር ላይ ስትደርስ ቀኑ የሌሊቱ እጥፍ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ በር የለም። ፀሐይ በመጣችበት ትመለሳለች፣ አምስተኛው፣ አራተኛው እያለች እስከ አንደኛው። አንደኛው በር ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጥና ሌሊቱ የቀኑ እጥፍ ይሆናል።

ይህን አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚያነብ ሰው «እጥፍ» የሚለው ቃል ግር ይለዋል። እኛ አገር በዓመቱ ረጅም ቀንና በዓመቱ አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ነው። ሰዓታችንን ከፀሐይ መውጣት ጀምረን መቁጠር የቻልነውም ፀሐይዋ ስለማታስቸግረን ነው፤ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ትወጣለች፣ 12 ሰዓት ገደማ ትገባለች። እንግሊዝ አገር እንዲህ ያለ አቆጣጠር አንድ ዓመት አይዘልቅም። በደቡብ እንግሊዝ፣ በሶልዝበሪ ሜዳ ላይ፣ በሰኔ አጋማሽ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ሌሊት 11 ሰዓት ሳይሞላ ትወጣለች፤ የምትገባው ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። የቀኑ ርዝመት ከ16 ሰዓት ተኩል ይበልጣል። በታኅሣሥ ግን 8 ሰዓት አይሞላም። ሄኖክ «እጥፍ» ያለው እዚያ በዓይን ይታያል፤ እንዲያውም ከእጥፍ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2016 ረመዳን በሰኔ ሲውል ለንደን ውስጥ የጾሙ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ጾሙ በቀን 18 ሰዓት ያልፍ ነበር።

ይህ ምዕራፍ ስለዚያች የስድስተኛ በር ቀን ነው። እዚያ ሜዳ ላይ ከ4,500 ዓመት በፊት ሰዎች ለዚያ በር መቃንና ጉበን በድንጋይ ሠርተውለታል፤ ስቶንሄንጅ ይባላል። ዛሬም በየዓመቱ በዚያች ሌሊት በሺዎች የሚቆጠር ሰው እዚያ ያድራል።

ከመቀጠላችን በፊት አንድ የቋንቋ ችግር እንፍታ። ፈረንጆቹ ቀኑን በበጋቸው ስም ነው የሚጠሩት። በእኛ አቆጣጠር ግን ሰኔ 14 ገደማ የሚውል ስለሆነ ደመናው የሚከብድበት፣ ክረምቱ የገባበት ወቅት ነው። «የበጋ» ብንለው የእኛ አንባቢ ጥር ይመስለዋል፤ «የክረምት» ብንለው እነሱ ታኅሣሥ ይመስላቸዋል። ስለዚህ እዚህ ላይ «የሰኔዋ ፀሐይ» እና «የታኅሣሧ ፀሐይ» እንላለን። ለሁለቱ ቀናት በላቲን የተሰጠው ስም ትርጉሙ «የፀሐይ መቆም» ነው። ስያሜው ልክ ነው። ምድር ፀሐይን የምትዞረው 23.4 ዲግሪ ያህል አጋድላ ስለሆነ፣ ከአንድ ቦታ ሆኖ ለሚያይ ሰው የፀሐይ መውጫ በአድማስ ላይ ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ከደቡብም ወደ ሰሜን ሲመላለስ ይኖራል። በመጋቢትና በመስከረም አጋማሽ በሶልዝበሪ ሜዳ መውጫዋ በአንድ ቀን ከራሷ ስፋት የሚበልጥ ርቀት ይዘላል። ወደ ሰኔ አጋማሽ ስትቃረብ እርምጃዋ ያጥራል፣ ያጥራል፣ በመጨረሻ ለጥቂት ቀናት በአንድ ቦታ የቆመች ትመስላለች። ከዚያ ትመለሳለች። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት አያስፈልግም። በአንድ ቦታ ለዓመታት መኖር፣ ጎህ ሲቀድ መነሳትና አንድ እንጨት መሬት ላይ መትከል ይበቃል።

የስቶንሄንጅ ሰዎች ከእንጨት አልፈው ሄዱ። መጀመሪያ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 3000 ዓመት ገደማ፣ ክብ ቦይ ቆፍረው አፈሩን ዙሪያውን ከመሩ፤ ውስጡንም የተቃጠለ ሬሳቸው አመድ የሚቀበርበት ቦታ አደረጉት። ከዚያ 500 ዓመት ያህል ቆይቶ ትልልቆቹ ድንጋዮች መጡ። ሳርሰን የሚባለው ጠንካራ ድንጋይ በአማካይ 25 ቶን ይመዝናል። አብዛኞቹ ከየት እንደመጡ በእርግጠኝነት የታወቀው ገና እ.ኤ.አ. በ2020 ነው፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በስተሰሜን ካለ ጫካ። የታወቀበት መንገድ ራሱ ይገርማል። እ.ኤ.አ. በ1958 አንዱን ድንጋይ ሲጠግኑ ከመሃሉ ተሰርስሮ የወጣ ቀጭን ዘንግ ነበር። በጥገናው ሥራ ላይ የተሳተፈ ሰው ለማስታወሻ ይዞት ወደ አሜሪካ ሄደ፤ 60 ዓመት ቆይቶ መለሰው፤ ተመራማሪዎቹም ከዘንጉ ቁራጭ ወስደው ፈጭተው የድንጋዩን የትውልድ ቦታ አገኙ። «ሰማያዊ ድንጋይ» የሚባሉት ትንንሾቹ የመጡት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ካሉት የዌልስ ተራሮች ነው። ከሁሉም የሚያስደንቀው ግን መሃል ላይ የተጋደመው ባለ 6 ቶን ድንጋይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት እንዳረጋገጠው የመጣው ከስኮትላንድ ሰሜናዊ ምሥራቅ ነው፤ ቢያንስ 700 ኪሎ ሜትር ተጉዟል። ጋሪ በሌለበት፣ ብረት ባልታወቀበት ዘመን።

ሥራውን ቀረብ ብሎ ለሚያይ ድንጋይ ጠራቢነት ብቻ አይደለም፤ አናጢነትም ነው። ሁለት መቃን ቆመው አንድ ጉበን ይሸከማሉ። በመቃኑ አናት ላይ እብጥ ያለ ምላስ ተትቷል፣ በጉበኑ ሆድ ላይ ለእሱ የሚሆን ጎድጓዳ ተፈልፍሏል፤ ሁለቱ ይጋጠማሉ። ጎን ለጎን ያሉት ጉበኖችም እንደ ወለል ሳንቃ እርስ በርስ ይቆላለፋሉ። በእንጨት የሚሠራውን በር በድንጋይ ሠሩት። ውጪውን 30 መቃን ዙሪያ ከበበው፤ ውስጡን አምስት ከፍ ያሉ በሮች በፈረስ ኮቴ ቅርጽ ቆሙ። የፈረስ ኮቴው አፍ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይከፈታል፤ የሰኔዋ ፀሐይ ወደምትወጣበት። በዚያው አቅጣጫ፣ ከክቡ ውጪ፣ ያልተጠረበ ትልቅ ድንጋይ ብቻውን ቆሟል። ሂል ስቶን ይሉታል። ፀሐይ በአናቱ ላይ ትወጣለች ሲባል ይሰማል። ከክቡ መሃል ለቆመ ሰው ግን የምትወጣው ትንሽ ወደ ግራው ነው። ከጎኑ ሌላ ድንጋይ የቆመበት የሚመስል ጉድጓድ ስለተገኘ፣ ፀሐይ በሁለቱ መካከል እንድትወጣ የታሰበ ይሆናል የሚሉ አሉ። ያ ከሆነ እዚያም በር ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ሌሊቱ እንምጣ።

ሰኔ 13 አመሻሹ ላይ መግቢያው ይከፈታል። ክፍያ የለም። በአብዛኛው ቀን ጎብኚ ከገመድ ውጪ ሆኖ ነው ድንጋዮቹን የሚያየው፤ በዚህች ሌሊት ግን መሃላቸው ገብቶ መዳፉን ይለጥፍባቸዋል። ድንጋይ ላይ መውጣት፣ እሳት ማንደድ፣ ድንኳን መትከልና መጠጥ ይዞ መግባት አይፈቀድም። ጥሩ አየር ባለበት ዓመት የሚመጣው ሰው ብዙ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ከ30 ሺህ በላይ ነበር። ከበሮ ሌሊቱን ሙሉ አይቋረጥም። ልጆቻቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው የመጡ አሉ፣ ከሩቅ አገር ለፎቶ የመጡ አሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ድንጋይ ተደግፈው የሚያድሩ አሉ። በመካከላቸው ነጭ ቀሚስ የለበሱ፣ ራሳቸው ላይ የባሉጥ ቅጠል ጉንጉን የደፉ ሰዎች ይታያሉ። የጥንት ካህናትን ስም የያዙት ድሩይዶች ናቸው።

ሥርዓታቸው ለእኛ ሩቅ አይመስልም። እጅ ለእጅ ተያይዘው ክብ ይሠራሉ። ወደ አራቱ ማዕዘን ዞረው በእያንዳንዱ አቅጣጫ ሰላም መኖሩን ይጠይቃሉ፤ ሰላም በሌለበት ሥርዓት አይጀመርም። ምድርን፣ ያለፉ ቅድመ አያቶችን፣ የቦታውን መንፈስ ይጠራሉ። በብዙ በዓሎቻቸው ዳቦና ከማር የተጠመቀ መጠጥ ይካፈላሉ፤ ያው ጠጅ ማለት ነው። ሊጋቡ የመጡ ጥንዶች ካሉ እጃቸው በጥብጣብ ይታሰራል። ጎህ ሲቀድ ወሬው ይቀንሳል፣ ሁሉም ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይዞራል። ደመና ካልሸፈናት (ብዙ ጊዜ ይሸፍናታል) የመጀመሪያው የብርሃን ጫፍ ብቅ ሲል ሜዳው በእልልታና በቀንደ መለከት ይናወጣል።

እነዚህ ሰዎች ራሳቸውን ፔጋን ብለው ይጠራሉ። በአማርኛ «አረማዊ» ብለን ብንተረጉመው ስድብ ይሆናል፤ ራሳቸው ያልተሳደቡትን እኛ ልንሳደብላቸው አይገባም። የላቲኑ ሥር የሚገርም ነው፤ ፓጋኑስ ማለት መጀመሪያ ባላገር ማለት ነበር። ክርስትና በሮም ከተሞች ሲስፋፋ በድሮው አምልኮ የቀረው ባላገሩ ነው ከሚል ግምት የመጣ ስያሜ ሳይሆን አይቀርም። የዛሬዎቹ ፔጋኖች ግን በአብዛኛው የከተማ ልጆች ናቸው። አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ነቢይ፣ አንድ ጸሎተ ሃይማኖት የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ 74 ሺህ ያህል ሰዎች ሃይማኖታቸውን ፔጋን ብለው ጽፈዋል። በ2010 ደግሞ የአገሪቱ የበጎ አድራጎት ኮሚሽን አንድ የድሩይድ ማኅበርን በሃይማኖት ተቋምነት መዝግቧል።

ሥርዓቱስ ምን ያህል ዕድሜ አለው? እዚያ የሚያድረው ሰው ብዙው «ከጥንት የመጣ» ብሎ ያምናል። አይደለም።

ድሩይድ የሚለውን ስም የምናውቀው ከግሪክና ከሮም ጸሐፊዎች ነው። ዩልዮስ ቄሳር የጎልን (የዛሬይቱን ፈረንሳይ አካባቢ) እና የብሪታንያን ካህናት ሲገልጽ የጻፈው ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው መቶ ዓመት ነው። ያኔ ስቶንሄንጅ 2,000 ዓመት ያረጀ ፍርስራሽ ነበር። ሮማውያኑ ድሩይዶች በጫካ ውስጥ እንደሚያመልኩ ነው የጻፉት፤ ከድንጋይ ክብ ጋር ያገናኛቸው የለም። ያገናኙዋቸው እንግሊዛውያን የቅርስ አጥኚዎች ናቸው፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጆን ኦብሪ፣ በ18ኛው ደግሞ ዊልያም ስቱክሊ። ስቱክሊ የድንጋዮቹ መስመር ወደ ሰኔዋ ፀሐይ መውጫ ማመልከቱን አስተውሎ የጻፈ ትጉህ ሰው ነው፤ ይህ ትዝብቱ ዛሬም ጸንቶ አለ። ድሩይዶችን የቦታው ባለቤት ማድረጉ ግን ግምት ብቻ ነበር፤ ግምቱም ከትዝብቱ ይልቅ በሕዝብ ልብ ገባ። ከእሱ ቀጥሎ ኤድዋርድ ዊሊያምስ የሚባል የዌልስ ድንጋይ ጠራቢ ተነሳ። ራሱን ዮሎ ሞርጋኑግ ብሎ ሰየመ፤ የጥንት ቅጂ አገኘሁ እያለ ራሱ የደረሰውን ያወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1792 በሰኔዋ ፀሐይ ቀን ለንደን ውስጥ ፕሪምሮዝ ሂል በሚባል ኮረብታ ላይ ጥቃቅን ድንጋዮች በክብ ደርድሮ የመጀመሪያውን ጉባኤ አካሄደ። ዛሬ በስቶንሄንጅ ጎህ ሲቀድ የሚደገመው የድሩይድ ጸሎት ምንጩ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 በመቶዎች የሚቆጠሩ የአንድ ድሩይድ ማኅበር አባላት ሰው ሠራሽ ነጭ ጺም አጥልቀው ድንጋዮቹ መካከል ትልቅ የአባልነት ሥርዓት ፈጸሙ። ስምንት በዓላት ያሉት የዛሬው የፔጋኖች የዓመት አቆጣጠር ደግሞ መልክ የያዘው በ1950ዎቹ ነው።

ከሠሪዎቹ ጋር ያለው የደም ትስስርም ቀጭን ነው። ከጥንት አጥንት የተወሰደ የዘር ቅንጣት ምርመራ እንዳሳየው፣ ትልልቆቹ ድንጋዮች ከቆሙ ብዙ ሳይቆይ ከአውሮፓ ዋና ምድር አዲስ ሕዝብ ገባ፤ በጥቂት መቶ ዓመታት ውስጥ ከደሴቲቱ ሕዝብ የዘር ሐረግ 90 በመቶ ያህሉ በአዲሶቹ ተተካ። ማለትም ድንጋዩን ያቆሙት ገበሬዎች የዛሬው እንግሊዛዊ ዋና አያቶች አይደሉም።

ከዚህም የሚከብድ ጥያቄ አለ። የሰኔዋ ንጋት ለሠሪዎቹ ዋናው በዓል ነበረች? አንድ ቀጥ ያለ መስመር ሁለት ጫፍ አለው። ወደ ሰኔ ንጋት የሚያመለክተው የስቶንሄንጅ መስመር በሌላው ጫፉ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ የታኅሣሧ ፀሐይ ወደምትገባበት ያመለክታል። በሄኖክ ቋንቋ አንዱ ጫፍ የምሥራቅ ስድስተኛ በር፣ ሌላው የምዕራብ አንደኛ በር ነው። ወደ ክቡ የሚያስገባው ጥንታዊ መንገድ የሚመጣው ከሰሜን ምሥራቅ በኩል ነው። በዚያ የሚገባ ሰው ጀርባውን ለሰኔዋ ፀሐይ ሰጥቶ ፊቱን ወደ ታኅሣሧ ያዞራል። ከአምስቱ የውስጥ በሮች ረጅሙ የቆመው እዚያው ፊት ለፊቱ ነው። የታኅሣሧ ፀሐይ በሁለቱ መቃኖቹ መካከል ትገባ ነበር። አሁን አንዱ መቃን ወድቆ ተሰብሯል፤ ሌላው አጋድሎ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1901 ተቃንቷል።

ከዚያም አሳማው አለ። ከስቶንሄንጅ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ደሪንግተን ዎልስ የሚባል የዚያው ዘመን መንደር አለ። የአርኪዮሎጂስቱ የማይክ ፓርከር ፒርሰን ቡድን ሲቆፍረው የድግስ ትራፊ አጥንት በገፍ ወጣ። የአሳማዎቹ ጥርስ ሲመረመር ብዙዎቹ 9 ወር ገደማ ሲሞላቸው የታረዱ ሆኑ። በዚያ ዘመን አሳማ በመጋቢትና በሚያዝያ ገደማ ይወለድ ነበር ተብሎ ይታሰባል፤ 9 ወር ቢቆጠር ታኅሣሥና ጥር ይመጣል። አየርላንድ ውስጥ ያለው የኒውግሬንጅ መቃብር ለታኅሣሥ ንጋት፣ ኦርክኒ ደሴት ያለው ሜስሃው ለታኅሣሥ ምሽት መከፈታቸውም ይህንኑ ያጠናክራል። እኔ በበኩሌ ሚዛኑ ወደዚህ ያደላል እላለሁ። ቀኑ 8 ሰዓት በማይሞላበት፣ ጎተራ በሚጎድልበት አገር የገበሬ ጭንቀት «ፀሐይ ትመለስ ይሆን?» ነው። የሚደገሰውም መመለሷ ሲታይ ነው።

ታዲያ የሰኔው ሥርዓት ውሸት ነው? እንዲህ ብሎ የሚደመድም ሰው የሃይማኖትን ጠባይ አልተረዳም። ዕድሜ ሥርዓትን ያስከብራል እንጂ አይፈጥረውም፤ ማንኛውም በዓል የመጀመሪያ ቀን ነበረው። ይልቅ እነዚህ ሰዎች ለዚያች ንጋት ምን እንደከፈሉ ማየት ይሻላል።

እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ በየሰኔው በድንጋዮቹ አጠገብ ያለ ክፍያ የሚገባበት የሙዚቃ በዓል ይካሄድ ነበር። በ1984 የመጣው ሰው አሥር ሺዎችን አልፎ ነበር። በዓመቱ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። ሰኔ 1 ቀን 1985፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ ቤታቸው አውቶቡስና የጭነት መኪና የሆነ ተጓዦች ተሰልፈው ሲመጡ ፖሊስ መንገድ ዘጋ። ተጓዦቹ ወደ አንድ ማሳ ገቡ፤ ፖሊስ ተከትሎ መስኮት እየሰበረ፣ ሰው እየደበደበ ከ500 በላይ አሰረ። እንግሊዞች «የባቄላው ማሳ ውጊያ» ይሉታል። ከስድስት ዓመት በኋላ ፍርድ ቤት የተወሰኑት ካሳ እንዲከፈላቸው ወሰነ። ድንጋዮቹ ግን በየሰኔው በአጥርና በፖሊስ ተከበው ቀሩ። በ1995 ጥቂት ሰዎች በአጠገቡ በነበረው መንገድ ዳር በሰላም ቆመው ሲቃወሙ «ሕገ ወጥ ስብሰባ» ተብለው ተከሰሱ። ክርክሩ እስከ አገሪቱ የመጨረሻ የይግባኝ ችሎት ደረሰ። በ1999 አምስቱ ዳኞች ሦስት ለሁለት ተከፍለው፣ በሕዝብ መንገድ ላይ ሌላውን ሳያውኩ በሰላም መሰብሰብ በራሱ ወንጀል አይደለም ብለው ፈረዱ። በ2000 ክቡ እንደገና ተከፈተ።

ስለዚህ የዛሬው የሰኔ ሌሊት ከድሩይዶች የተወረሰ አይደለም፤ በእስርና በክርክር የተገኘ ነው። ጸሎቱን የጻፈው ዮሎ ቢሆንም፣ ቦታው የቆመው ለሌላ ሕዝብ ቢሆንም፣ በዚያች ሰዓት ፀሐይ የምትወጣበት መስመር ግን እውነተኛ ነው። ከ4,500 ዓመት በፊት የተሰመረው መስመር ጥቂት ነቅነቅ ብሎ ዛሬም ይሠራል። ቀድሞ በተሠራ በር ገብቶ የራስን ጸሎት ማድረስ ነውር የለበትም።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ታኅሣሥ 12 ወይም 13 ቀንም ክቡ በነጻ ይከፈታል። የሚመጣው ሰው ከሰኔው በጣም ያነሰ ነው፤ የሚሰበሰበውም ጠዋት፣ ለፀሐይ መውጫ ነው፤ በዚያች ቀን ፀሐይ በምትወጣበት በኩል ግን የድንጋዮቹ መስመር አያልፍም። የታኅሣሧ ፀሐይ በረጅሙ በር አንጻር የምትገባው ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ነው። ያኔ የጠዋቱ ጉባኤ ከተበተነ ስድስት ሰዓት ያህል ሆኖታል፤ ጎብኚውም ከገመዱ ውጪ ቆሟል።